ያልገባሁበትን ክፍል ገብቻለሁ ብዬ ፈረምኩ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም መምህራን። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ 19 ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ጀማሪ መምህርት ተመደበችልን። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ነው የመጣችው። በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን ታህላለች። ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና አማካሪዋ አንተ ነህ አለኝ። እሺ አልኩ። በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። የ6ኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ሚኒ ሚዲያውም በኔ እጅ ነበር።

አማካሪው የሚሞላው ቅጽ ላይ የክፍል ምልከታ የሚል ሰንጠረዥ አለ። ቀን፣ የታየው ትምህርት፣ ጠንካራ ጎን፣ መሻሻል ያለበት፣ የአማካሪው ፊርማ። ሰኔ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ ነው ተባለ። ሁለታችን ሻይ ቤት ተቀመጥን። እሷ ቀኖቹን ከካላንደር እየመረጠች ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የምንጠነቀቀው እሑድ እንዳይሆንብን ብቻ ነበር። ጠንካራ ጎን በሚለው ላይ ሰዓት ታከብራለች ብዬ አሥር ጊዜ ጻፍኩ። አሥር ፊርማም አኖርኩ። ክፍሏ ግን አንድም ቀን አልገባሁም።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ለቀቀች። ልትሄድ ስትል ቢሮ ደጃፍ ላይ ተገናኘን። ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተው ቢያዩኝ የቱ ጋ እንደምሳሳት ይነግሩኝ ነበር አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ሌላ ጀማሪ ተሰጠኝ። ወንድ ነው፤ 2ኛ ክፍል ይዟል፤ 64 ልጅ አለው። ጥቅምት ገብቷል፣ እስካሁን የማየው ሻይ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ጥያቄዬ ይኼ ነው። ይህን ነገር የምር የሠራችሁ ሰዎች እንዴት አደረጋችሁት? የቅጹን አሞላል አይደለም የምጠይቀው። ክፍለ ጊዜውን ከየት አመጣችሁት? ገብታችሁ ምን ታያላችሁ? ወጥታችሁስ ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ

የመልሶቹ ክር ረዝሟል። ከላይ ሳያነብ ከታች እንደ አዲስ የሚጠይቅ ሰው በዛ። ስለዚህ የተባለውን በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አፍ እተርከዋለሁ። ስም አልጠራም። የመጻፉ ድፍረት የነበረው ራሱን ያውቃል።

መልስ 1፦ ከደብረ ሲና አንዲት መምህርት ናት የጀመረችው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ፣ እሷም እንደዚያው መፈረሟን ተናገረች። የሷ እንዲያውም ከኔ ይብሳል። አማካሪና ጀማሪ ሆነው የተመደቡት ሁለቱም በአንድ ዓመት የተቀጠሩ ናቸው። አንዱ የሌላውን ቅጽ ሞልቶ ተለዋወጡ።

መልስ 2፦ እኔም አለ። ሌላ ቃል የለውም።

መልስ 3፦ ይህ የጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም አብረው የተጎዳኙ የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች፣ ሱፐርቫይዘር ነው። ጽሑፉ በተራ ቁጥር የተከፋፈለ ስለሆነ ማንም ሳይነግረን አወቅነው። ሦስት ነገር አርሞኛል። አንደኛ፣ የጀማሪ መምህር የሙያ ትውውቅ፣ እኛ ኢንዳክሽን የምንለው፣ የሁለት ዓመት ነው። በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ጀማሪውን ሁለት ዓመት ከአማካሪ ጋር ያስኬደዋል። በዓመት 60 ሰዓት የሚባለው ተሙማ፣ ማለትም ተከታታይ ሙያ ማሻሻያው፣ ለቀሪዎቻችን ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ሁለቱን ቀላቅሎ ጀማሪውን ከነባሩ ጋር በአንድ ዕቅድ ያስፈርመዋል። ሁለተኛ፣ ማኅደረ ተግባሩ፣ የሥራው ማስረጃ የሚሰበሰብበት ፋይል፣ የመምህሩ የራሱ ነው እንጂ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ከመደርደሪያ የሚወርድ ጌጥ አይደለም። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ለስለስ አለ። በአንድ ቀን ሦስት ትምህርት ቤት ሲዞር የሚቆጥረው ፊርማ ብቻ እንደነበር አመነ። ሰዓት ታከብራለች የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ማኅደር ላይ እንዳነበበ እሱ ያውቃል።

ለዚህ ሰው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ተራ ቁጥሩን ይቅር ብለነዋል።

መልስ 4፦ ጓሳ አጠገብ፣ መንዝ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ጻፈ። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። እሱም እንደኔዋ ልጅ ከቆላ የመጣች ጀማሪ ተመድባለት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ልጆቹ አይጽፉም ብላ እያለቀሰች መጣችበት። ሰነፎች ናቸው፣ ደብተር ይዘው ዝም ብለው ያዩኛል አለችው። በማግስቱ 1ኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አብሯት ገባ። ውጭ አመዳዩ ሣሩን አልብሶታል። ልጆቹ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ ተከናንበው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር ጻፈችና ገልብጡ አለች። አንዱ ልጅ እርሳሱን አነሳ፤ ወደቀ። ደግሞ አነሳ፤ ደግሞ ወደቀ። ጣቱ አይታጠፍም። ስንፍና አልነበረም፣ ብርድ ነው።

መምህሩ ከክፍል እስኪወጡ ምንም አላላትም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ነገራት። ከኅዳር እስከ ጥር 1ኛውን ክፍለ ጊዜ የአፍ አድርጊው፤ ያንብቡ፣ ይቁጠሩ፣ ያጨብጭቡ። ጽሕፈቱን ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጀምሪው። ዕለታዊ ዕቅዷን በዚያው ገለበጠችው። ኮሌጅ ውስጥ ይህን የሚነግር የለም፤ ማሠልጠኛ መጽሐፍም ላይ የለም ብሎ ጨረሰ።

እኔ ይህን ሳነብ የኔዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷም ቆላ ነው ያደገችው። እኔም ውርጩን 19 ዓመት አውቀዋለሁ።

መልስ 5፦ ከሸዋ ሮቢት አንዱ የመልስ 4ን ተገላቢጦሽ ነገረን። እሱ ጋ ፈረቃው ከሰዓት ሲሆን ችግሩ ሙቀት ነው። ከደጋ የመጣ ጀማሪ ሒሳቡን 8 ሰዓት ላይ ያደርገዋል። በ5 ደቂቃ ግማሹ ክፍል እንቅልፍ ይወስደዋል። ጀማሪው ይቆጣል፣ ልጁ ያንቀላፋል። ነባሮቹ ያንን ሰዓት ለመዝሙርና ለሥዕል እንደሚያውሉት ያወቀው በራሱ ላይ ደርሶ ነው።

መልስ 6፣ 7 እና 8፦ እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። ከደብረ ብርሃንና ከመሃል ሜዳ የማንኛው ብርድ ይብሳል የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ ጣርማ በርን ያላለፈ ሰው ስለ ብርድ አያውራ አለ። ሌላው ስለ ደብረ ብርሃን አረቄ መድኃኒትነት ረጅም ነገር ጻፈ፤ ከመምህርነት ጋር የሚያገናኘው የለም። ሦስተኛዋ የመንዝ ባና ሳይደርቡ መንዝ ማስተማር ዘበት ነው አለች። እዚህ ላይ ተስማሙ።

መልስ 9፦ ጀማሪ መምህር ነው። ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ የት እንደሆነ አልገለጸም፣ ልክ ነው ያደረገው። ድምፁ መራራ ነው። አማካሪ ተብሎ የተሰጠው ሰው የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ሮስተሩን፣ የተማሪ ውጤት መደመሪያውን፣ አሸከመው። ቀጥሎ የፈተና እርማቱን፣ ከዚያ ዓርብ ዓርብ ክፍለ ጊዜውን። ልምድ ታገኝበታለህ ይለዋል። ጀማሪው ያገኘው ልምድ የሰው ሮስተር መደመር ብቻ ነው። እኔንም አልማረኝም። ክፍል ሳልገባ መፈረሜ ከሱ አማካሪ ይሻላል፤ ቢያንስ አላሠራኋትም ብሎ ጻፈ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

መልስ 10፦ አንድ ነባር መምህር በመልስ 9 ተናደዱ። የዛሬ ልጅ ሮስተር መሥራት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል አሉ። ስልኩን ይዞ ክፍል ይገባል፣ ስልኩን ይዞ ይወጣል። እኛ ማን አማከረን? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው ተረቱ። ለማስረጃ የ12ኛ ክፍሉን ውጤት ጠሩ። በ2014 ከተፈተነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በዓመቱ ደግሞ 3.2። ይህ የጀማሪ መምህር ፍሬ ነው አሉ።

መልስ 11፦ መልሱ ወዲያው መጣ፣ ስለታም ነበር። የጻፈችው መምህርት ቁጥሩን አልካደችም። ግን እነዚያ ልጆች 1ኛ ክፍል የገቡት ከ12 ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ክፍሉን ይዘው የነበሩት እርስዎና እኩዮችዎ አይደላችሁም ወይ ብላ ጠየቀች። ተረቱንም በተረቱ ያዘችው። ልጅ ያቦካው ለእራት ካልበቃ፣ እርሾውን ማን ሰጠው?

እኒያ ሰው ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተመለሱም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ትንሽ አበዙት። እርሾዋን ግን ወድጃታለሁ።

መልስ 12፦ እንግሊዝ አገር የሚያስተምር ሰው ነው። አያቱ የተጉለት ሰው ናቸው፤ ያንን ሳይነግረን አላለፈም። እዚያ ከመስከረም 2021 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ የጀማሪ ጊዜ ከአንድ ዓመት ወደ ሁለት ከፍ ብሏል። በአንደኛው ዓመት ጀማሪው ከማስተማሪያ ሰዓቱ 10 በመቶ ይቀነስለታል፤ በሁለተኛው 5 በመቶ። አማካሪ የግድ ይመደብለታል። አማካሪው ሌላ፣ ማለፍ መውደቁን የሚመዝነው ሌላ ሰው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰዓት ቀንሱ ብሎ ደመደመ።

መልስ 13፦ ቀላል ነው የምትለዋ ቃል እሳት አነሣች። አንድ የመርሐ ቤቴ መምህር እሱ ጋ ለ2ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን አንድ መምህር ብቻ እንዳለ ጽፎ፣ 10 በመቶውን ከየትኛው ልጅ ላይ ልቀንስ ብሎ ጠየቀ። ጀማ ወንዝን ወርደህ ዓለም ከተማ ድረስ ና፣ ከዚያ ስለ 10 በመቶ እናወራለን አለው። ላም አለኝ በሰማይ ሲልም ጨመረበት። የእንግሊዙ ሰው ቅር ተሰኝቶ ይቅርታ ጠየቀ። ቃሉን ነው እንጂ ሐሳቡን እንዳላነሳ ግን አስታወቀ።

መልስ 14፦ አረርቲ ያለ የሒሳብ መምህር አስታረቃቸው። ነገሩን ወደ መሬት ያወረደው እሱ ነው። የኔን 28 ክፍለ ጊዜ ወስዶ 10 በመቶውን አሰላ፤ 2.8 መጣ። በቃ 3 ክፍለ ጊዜ ነው፣ የሚያስፈራው የቱ ነው አለ። በአንዱ እኔ ልጁን፣ ጀማሪውን፣ አየዋለሁ። በአንዱ ልጁ እኔን ያየኛል፤ ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። በአንዱ ቁጭ ብለን እናወራለን። ሦስቱን ከየት? የወረዳ ፈቃድ አያስፈልግም አለ። እሱ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህሩ ሁለቱን ሴክሽን አንድ ላይ ሜዳ ያወጣቸዋል፤ የዚያን ሰዓት አንድ መምህር ነፃ ይሆናል። የሥነ ዜጋዋ መምህርት በሳምንት አንዴ ክፍሉን ትይዝለታለች፤ እሱ ደግሞ የሷን የፈተና ጥያቄ ይተይብላታል። ወረቀት ላይ የሌለ ውል ነው። ሁለት ዓመት ሠርቷል።

ከዚህ መልስ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ።

መልስ 15፦ አንኮበር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በልጃቸው ስልክ ነው የጻፉት፤ ልጅየው ይህን ከላይ አሳውቋል። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ነው የተማሩት። እንደወጡ የተመደቡበት ትምህርት ቤት አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። አማካሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ሾሙ። አንድ ቀን ሳይታሰብ ገቡና ከኋላ ተቀመጡ። ትምህርቱ ሲያልቅ ወጣቱን፣ የዛሬውን ጡረተኛ፣ በእጁ ይዘው እሳቸው ከተቀመጡበት ዴስክ ላይ አስቀመጡት። የጻፍከውን አንብብልኝ አሉት። ሰሌዳው መሐሉ የተሰነጠቀ ነው፤ እሱ ደግሞ ከስንጥቁ በታች በደቃቅ ፊደል ሞልቶታል። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ራስ ይጋርደዋል። አላነበበውም። ሽማግሌው ሌላ ሳይናገሩ ጠመኔውን ሰጥተውት ሄዱ።

እኒህ አባት ለጥያቄዬ ቀጥ ያለ መልስ ሰጡኝ። ስትገባ ልጆቹን እይ እንጂ መምህሩን አትይ፤ መምህሩን ካየኸው ይፈራል፣ ልጆቹን ካየህ ግን ትምህርቱን ታየዋለህ። ከወጣህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ንገረው። አምስት ከነገርከው አንዱንም አይሠራም፤ ማታም እንቅልፍ ያጣል። ሁለተኛውን ለሌላ ቀን አኑረው።

መልስ 16፦ ድቁና ተምሮ በኋላ መምህር የሆነ ሰው፣ ይህ ለኛ አገር አዲስ አይደለም አለ። የኔታ ጋ ፊደል ሲማር ያስቆጠሩት የኔታ አልነበሩም። ከሱ አንድ ዓመት የቀደመ ልጅ ነው። የኔታ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ያስቆጣሪው ልጅ ሲሳሳት ከሩቅ ያርሙታል። አስተማሪ መሆን ሳይታወቀው ነው የሚማረው አለ። አንድ ሰው ኩርኩሙንም አትርሳ ብሎ ጣልቃ ገባ። ያ እውነት ነው፣ አመነ።

መልስ 17፦ ይህ መልስ ይረዝማል፤ ይገባውማል። የምትጽፈው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት 14 ዓመት የቆየች ሴት ናት። እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ክፍል ነው፤ ጀማሪዋ ግን የምትለቀው ከክፍል ውጭ ባለው ነገር ነው ብላ ጀመረች። ሻንጣ ይዛ ከመኪና የወረደች የ21 ዓመት ልጅ ማደሪያ የላትም። የመጀመሪያ ደሞዝ ወረቀቱ እስኪያልቅ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይዘገያል። እስከዚያ ምን ትበላለች? መልስ ሰጪዋ ለአዲስ መምህርት የምታደርገውን ቆጠረች። ሱቁ ጋ ሄዳ በኔ ስም ዱቤ ስጧት ትላለች። በር ከውስጥ የሚዘጋ ቤት ታፈላልጋለች። የመጀመሪያው ሳምንት እራት እሷ ቤት ነው። የገጠሩ መንገድ ላይ ብቻዋን እንዳትሄድ ከየትኞቹ ልጆች ጋር እንደምትመለስ ታሳያታለች። ሴት ጀማሪን ለወንድ አማካሪ ብቻ መስጠትም ልክ አይደለም አለች። ልጅቷ የወር አበባዋ መጥቶ ክፍል መግባት ቢያቅታት ለማን ትናገራለች? ትምህርት ቤቱ ውኃ እንኳ የለውም።

ለኔ በቀጥታ የጻፈችው አንድ መስመር አለ። ያቺ ልጅ ጥር ላይ የለቀቀችው ክፍሏ ስላልገቡ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ የት ታድር እንደነበር ጠይቀው ያውቃሉ ወይ አለችኝ።

አላውቅም። አልጠየቅኩም።

መልስ 18፦ አንድ ሰው ደግሞ የቀን አቆጣጠር አስተማረን። ጀማሪ መምህር የመጀመሪያ ፈተናውን ገበያ ቀን ላይ ይጥለዋል፤ ግማሹ ክፍል ይቀራል። ወይም ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አዝመራ በሚሰበሰብበት። ወይም የአጥቢያው ታቦት በሚነግሥበት ቀን። ከዚያ ስም ሲጠራ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ እያለ ይሞላል፣ ወላጅ ይጠራል፣ ይጣላል። የአማካሪ የመጀመሪያ ሥራ ካላንደር ላይ እነዚህን ቀኖች ማክበብ ነው አለ። እኔ ካላንደር ላይ ያደረግሁትን ታስታውሳላችሁ።

መልስ 19፦ መልስ 10ን የጻፉት ነባር መምህር ተመለሱ። ለስለስ ብለዋል፣ ግን አልተረቱም። ጀማሪ፣ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያሉ የደረጃ ዕድገቱን መሰላል ቆጠሩ። እሳቸው መሪ ላይ ደርሰዋል። በየእርከኑ የተጠየቁት ወረቀት ብዙ ነው፤ ስንት ጀማሪ ሰው አደረግህ ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። አማካሪ ስለሆኑም ሳንቲም አልተጨመረላቸውም፣ ክፍለ ጊዜም አልተቀነሰላቸውም። ነፃ ጉልበት ጠይቃችሁ ስትታሙ አትደነቁ አሉ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ መልስ 11 ራሷ ሳትቀር፣ ልክ ነዎት አላቸው።

መልስ 20፦ አንድ ርዕሰ መምህር ገቡና የክፍል ምልከታው ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ግብአት መሆን አለበት አሉ። ይህን ሲሉ ሰባት ሰው ተረባረበባቸው። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ተቃወማቸው። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። የምነግርህን ስህተት ነገ ነጥብ ላይ የማውልብህ ከሆነ አንተም ትደብቀኛለህ፣ እኔም አልነግርህም። ርዕሰ መምህሩ ታዲያ ሥራ መሠራቱን በምን ልወቅ ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ጩኸቱ ውስጥ ማንም አልመለሰላቸውም።

መልስ 21፦ ዝም ያሰኘን መልስ ነው። የጻፈው ኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ ጀማሪ የነበረ ልጅ ነው። ሲመለሱ ክፍሉ ውስጥ ዴስክ የለም፣ ሰሌዳውም ተነቅሏል። አማካሪውና እሱ አንድ በር ነቅለው ከሰል ቀብተው ሰሌዳ አደረጉት። ሁለታችንም ጀማሪ ሆንን ይላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ እሱ ባለበት አካባቢ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት አማካሪው በየሁለት ሳምንቱ ስልክ ይደውልለት ነበር። ስለ ትምህርት አይደለም የሚያወሩት። እስካሁን መምህር ነው።

መልስ 22፦ የእርስ በርስ ዝውውር ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚፈልግ አለ ወይ የሚል ማስታወቂያ። ያለ ቦታው የገባ ነው። ግን ሦስት ሰው ወዲያው ስልክ ጠየቀ። ከመልስ 6 እስከ 8 ያለውን የብርድ ክርክር አንብበው ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 23፦ ይህ የራሴ ነው። ከ12 ቀን በኋላ ተመልሼ ጻፍኩ።

የስፖርት መምህራችንን ለመንኩት። ሁለቱን የ6ኛ ክፍል ሴክሽኖች አንድ ላይ ሜዳ አወጣልኝ። ልጁን አስቀድሜ ነግሬው ገባሁ። መጨረሻ ዴስክ ላይ፣ ሁለት ልጆች መሐል ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አልገባ ብሎ ወደ ጎን አዞርኩት። በቀኜ ያለው ልጅ ለረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጋሼ ምን አጥፍተው ነው አለኝ። ለካ እዚያ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ያጠፋ ልጅ ነው።

እንደ አንኮበሩ አባት ልጆቹን ነው ያየሁት። መምህሩ ገባችሁ ሲል 64ቱም አዎ ይላሉ። ጥያቄ ሲጠይቅ እጅ የሚያወጡት ግን ከፊት ያሉ አራት ልጆች ናቸው። እነሱኑ ይጠራል። እኔ አጠገብ ያለችው ልጅ መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ ከሰው ጋር ድምፅ ታወጣለች። በቃሏ ይዛዋለች። ከፊት ሆኖ ሲያዩዋት የምታነብ ነው የምትመስለው።

ስወጣ ወረቀቴ ላይ ሰባት ነገር ጽፌ ነበር። ስድስቱን አጠፍኳቸው። መጨረሻ ዴስክ ላይ እኔ አጠገብ የነበረችውን ልጅ ነገ ብቻዋን አስነብባት አልኩት። በማግስቱ ከክፍል ወጥቶ ቀጥታ ወደኔ ነው የመጣው። አስነብቧታል። ከዚያም በራሱ፣ ሳልነግረው፣ ሌሎች 11 ልጆች አስነብቧል። ዘጠኙ እንደሷ ናቸው አለኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ቡና ገዛሁለትና ስለዚህ አላወራንም። የት እንደሚያድር ጠየቅኩት። ከአንድ ሌላ ተከራይ ጋር ነው፤ ፍራሽ የለውም ነበር። ከመጣ ጀምሮ።

ሐሙስ ደግሞ እሱ የኔን ክፍል ያያል። ክፍሉን የሚይዝለት ሰው አላገኘሁም፤ ምናልባት ሚኒ ሚዲያውን ለአንድ ሰው አስረክቤ እለዋወጥ ይሆናል።

መልስ 24፦ ሱፐርቫይዘሩ። እንኳን ደስ አለህ ካለ በኋላ፣ በተራ ቁጥር አንድ፣ ምልከታው የተደረገበትን ቀን ቅጹ ላይ መሙላት እንዳልረሳ አሳሰበኝ።

ሞልቻለሁ። ማክሰኞ ነበር።